ከበሩ ውጭ የሚያልፈው ሰዓት፦ አንድ ሹፌር በጅቡቲ የጠበቁት 19 ቀን

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በሰኔ 2015 አንድ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም፣ በኢሞ ተደወለልኝ። የደወሉት ጅቡቲ፣ ፒኬ 12 ላይ መኪናቸውን አቁመው ጭነት የሚጠብቁ ሹፌራችን ነበሩ። መስመሩ ይቆራረጣል። ነፋሱ ድምፃቸውን ይውጠዋል። ሰላምታ አላበዙም።

«ልጄ፣ ዛሬ አሥራ ሦስተኛ ቀኔ ነው። አበሉም አልቋል፣ የደም ግፊት ክኒኔም አልቋል። ምን ላድርግ ትላለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የስምሪት ሰሌዳውን ነው። ከታርጋ ቁጥራቸው ጎን «በመጫን ላይ» ይላል። በእኔ እጅ ጽሕፈት። አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ በመጫን ላይ የነበረ መኪና አንድ ኩንታል አልጫነም።

የምሠራው አዳማ፣ በአንድ የደረቅ ጭነት መኪና ባለንብረቶች ማኅበር፣ ስምሪት ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ መኪና ማሰማራት ነው፣ ጽሑፍ አይደለም። ይህን የጻፍኩት ከሌሎች ሁለት ማኅበራት ደውለው «ስታሊያውን (የመኪና ቆይታ ክፍያውን) ያስከፈላችሁት በምን ዘዴ ነው?» ስላሉኝ ነው። በስልክ ሲወራ ታሪኩ ያጥራል፤ ያልተሳካልን ነገር ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። የሹፌሩን፣ የባለመኪናዋን፣ የአስመጪውንና የማኅበሩን ስም አልጠቅስም። የብሩንም መጠን ትቼዋለሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የያኔውን አበል በብር መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው።

መስመሩ

ከአዲስ አበባ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ዲቾቶ፣ ከዚያ ጋላፊ ኬላ። ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላ ዮቦኪና ዲኪል አሉ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ያለ ከተማ ነው። ሹፌሩ ጋቢ ተከናንቦ ይነሳና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በካናቴራ ያላበዋል።

ዕድሜያቸው የገፋ ሹፌሮች ዲቾቶ ሲደርሱ ወደ ግራ ሳያዩ አያልፉም። የአሰብ መንገድ የሚገነጠለው እዚያ ነው። እስከ ግንቦት 1990 ድረስ አብዛኛው የአገሪቱ ገቢ ዕቃ በአሰብ ነበር የሚመጣው። ጦርነቱ ሲነሳ መስመሩ በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከአሥሩ ጭነት ከዘጠኝ በላይ የሚገባው በጅቡቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ደግሞ ባቡሩ የንግድ አገልግሎት ጀመረ። ያኔ «ከእንግዲህ ሹፌር ሥራ ይፈታል» ያሉ ነበሩ። ብዙው ጭነት ግን አሁንም በጎማ ነው የሚገባው።

ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ወደ ውጭ የምንልከው ከምናስገባው በጣም ያንሳልና። ስለዚህ ባለመኪናው የሚያገኘው በመመለሻው ነው። ሳይጭን የቆመ መኪና የባንክ ወለድ ይበላል፣ ጎማው ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ሹፌሩም ከኪሱ ይበላል።

ፒኬ 12 ስሙን ያገኘው ከኪሎ ሜትር ምልክቱ ነው። ከጅቡቲ ከተማ አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። የኛ ሹፌሮች የሚያርፉበት፣ የሚጠብቁበት፣ ጎማ የሚያስጠግኑበት፣ እንጀራ የሚያገኙበት ሰፈር ነው። አማርኛ ከሶማልኛና ከአፋርኛ እኩል ይሰማበታል። ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከተነሳ የመኪናው በር እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም። ማታ ጋቢና ውስጥ መተኛት አይታሰብም። ሹፌሩ ከተሳቢው ሆድ ሥር ካርቶን አንጥፎ ይተኛል። እሱም እንቅልፍ አይደለም፤ ነዳጅና መለዋወጫ ጎማ ጥበቃ ነው።

ሰዎቹ

ሹፌሩ ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። የአሰብን መስመር በረዳትነት ጀምረው፣ ጅቡቲ ላይ መሪ ጨብጠው፣ እዚያው የሸበቱ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ረዳት የላቸውም። ድሮ ተሳቢ ያለው መኪና ያለ ረዳት አይወጣም ነበር፤ አሁን ወጪ ለመቀነስ ብዙ ባለንብረት ረዳቱን አስቀርቷል። ጋሼ ሲተኙ መኪናውን የሚያይ ሰው የለም።

ባለመኪናዋ ባላቸው ሲሞቱ መኪናውን ከነዕዳው የተረከቡ እናት ናቸው። ያለቻቸው አንዲት መኪና ናት፤ ወር በገባ ቁጥር ባንክ ይጠብቃል። መኪና አይነዱም፤ ጅቡቲንም አይተው አያውቁም። የሚያውቁት እኛ የምንነግራቸውን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ የምንነግራቸው ሰሌዳው የሚለውን ነበር።

ጭነቱ ፌሮ ነው። 400 ኩንታል የግንባታ ብረት፣ አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ የግል አስመጪ።

ክፍያውን በደንብ ማስረዳት አለብኝ፤ የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው እዚያ ነው። ሹፌሩ የወር ደመወዝ አለው፤ የሚኖረው ግን በአበሉ ነው። አበሉ የሚቆረጠው በጉዞ ነው። አንድ ምልልስ ስምንት ቀን ይፈጃል ተብሎ የስምንት ቀን ይሰጠዋል። በስድስት ቀን ከተመለሰ ተረፈው። በሃያ ቀን ከተመለሰ የራሱ ጉዳይ ነው። ከዚያ ላይ ጅቡቲ በብር አይገዛም። ፍራንኩ ከዶላር ጋር ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ177 ከምናምን ተመን ታስሮ የኖረ ነው፤ አይንቀሳቀስም። ብራችን ሲቀንስ ፒኬ 12 ላይ የአንድ ጀሪካን ውሃ ዋጋ በሹፌሩ ኪስ ውስጥ ይጨምራል። ለዚህ ነው ሹፌሮች ሽሮውንም፣ በርበሬውንም፣ ድርቆሹንም ከቤት ጭነው የሚወርዱት።

አሥራ ዘጠኙ ቀን

ጋሼ የነዳጅ ደብተር አላቸው። ነዳጅ የቀዱበትን ቀንና ሊትር የሚጽፉበት፣ ሽፋኑ በግራሶ የወዛ ደብተር ነው። ጅቡቲ ከሰባተኛው ቀን በኋላ ነዳጅ አይቀዳም፤ መኪናው ቆሟል። እሳቸው ግን መጻፋቸውን አልተዉም። ከተመለሱ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩትና «አንብበው» አሉኝ። ጥቂቱን እንደወረደ ልገልብጠው፦

«3ኛ ቀን። ተራ አልደረሰም። ውሃ 1 ጀሪካን።
6ኛ። ማዳበሪያ ጫኞች አለፉን። ቅድሚያ ነው ተባለ።
9ኛ። የተሳቢው ግራ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ሳልጭን ጎማ!
10ኛ። ትራንዚተሩ ወረቀት ቀርቷል አለ። የቱ ወረቀት እንደሆነ አልተናገረም።
12ኛ። ክኒን የመጨረሻ።
13ኛ። ለልጁ ደወልኩ።»

ልጁ እኔ ነኝ። ትራንዚተሩ የአስመጪውን የጉምሩክና የወደብ ወረቀት የሚጨርስ ወኪል ነው።

በ17ኛው ቀን ወደ ወደቡ በር ገቡ። በ19ኛው ቀን ፌሮውን ጭነው ወጡ።

የማዳበሪያው ነገር ተገቢ እንደነበር መናገር አለብኝ። በዚያ ክረምት በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ ወጥተው ነበር። የዘር ወቅት ፌሮን አይጠብቅም። ቅድሚያ ይሰጠው ሲባል የሚከራከር ሰው አልነበረም፤ ጋሼም አልተከራከሩም። የቅድሚያው ዋጋ ግን ከአንድ ሰው አበል ላይ ሲቆረጥ የከፋዩን ስም ማወቅ አይከፋም።

እኔ ያጠፋሁት

ባለመኪናዋ በአሥረኛው ቀን ቢሮ መጥተው ነበር። «መኪናዬ የት ነው?» አሉኝ። «እየጫነ ነው እትዬ» አልኳቸው። «አሥር ቀን ይጫናል እንዴ? ሰውየው ጫት ቤት ተኝቶ ነው አይደል? እውነቱን ንገረኝ።» አልመለስኩላቸውም። ዝምታዬ ሹፌሩን ከሰሳቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ ጠርጥሬ ነበር። መስመሩ ላይ ጫት የማይቅም ሹፌር ጥቂት ነው፤ ሌሊት ነጂ ደግሞ ያለ ጫት አልነቃም ይላል። ጋሼ ግን ግፊት ካገኛቸው ወዲህ ትተዋል። ይህን አላውቅም ነበር፤ ጠይቄም አላውቅም።

ሁለተኛው ጥፋት የባሰ ነው። መኪናውን ያሰማራሁት አስመጪው በስልክ «መርከቧ ገብታለች፣ መኪና ላኩ» ስላለኝ ነው። ዲሊቨሪ ኦርደሩ፣ ማለትም ዕቃው ለባለቤቱ ይሰጥ የሚለው የመርከብ ድርጅቱ ወረቀት፣ ተለቅቋል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። አልተለቀቀም ነበር። ከበሩ ውጭ ያለፉትን 16 ቀናት ከደብተሩና ከትራንዚተሩ ጋር ቁጭ ብለን ስንከፋፍላቸው ሰባቱ የማዳበሪያ ቅድሚያ ሆነው ተገኙ። አምስቱ የዚያ ወረቀት ናቸው። የቀሩት አራቱ ምን እንደሆኑ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

ጥያቄያችንና የተሰጠን መልስ

መኪናው እንደተመለሰ ለአስመጪው የስታሊያ ጥያቄ ጻፍን። ለማያውቅ አንባቢ፣ ስታሊያ ማለት መኪና ለመጫን ወይም ለማራገፍ ከተፈቀደው ቀን በላይ ሲቆም አሠሪው የሚከፍለው የቆይታ ክፍያ ነው። በውላችን ላይ ሦስት ነፃ ቀን አለ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይቆጠራል። በእኛ ስሌት የ16 ቀን ስታሊያ ይገባናል።

መልሱ በአንድ ገጽ መጣ። መኪናው ወደቡ በር የገባው በ17ኛው ቀን ነው፤ በ19ኛው ቀን ጭኖ ወጥቷል፤ ሦስቱ ነፃ ቀናት አላለፉም፤ ስለዚህ የሚከፈል ስታሊያ የለም። የበር መግቢያ ወረቀቱን ኮፒ አያይዘውልናል። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይታያል።

ተናደድን። ውሉን አውጥቼ ሳነብ ግን ሰዎቹ አልዋሹም። ውሉ «ወደ መጫኛ ቦታ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ» ይላል። መጫኛ ቦታ የትኛው ነው? እኛ ፒኬ 12 ነው እንላለን፤ እነሱ የወደቡ ግቢ ነው ይላሉ። እነሱ ማኅተም አላቸው፤ እኛ ግራሶ የነካው ደብተር አለን። ጋሼ ደብተራቸውን ይዘው አስመጪው ቢሮ ድረስ ሄደው ነበር። የፋይናንስ ሠራተኛዋ በአክብሮት ገልጣ አየችውና «አባቴ፣ ይሄ እኮ በእርሳስ ነው የተጻፈው» አለቻቸው።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በዚህ ሥራ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው በር ላይ ነው። ከበሩ ውጭ ያለው ጊዜ ባለቤት የለውም። ባለቤት የሌለው ነገር ሁሉ ደግሞ መጨረሻው ላይ የሚወድቀው መሪ የጨበጠው ሰው ላይ ነው።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

የመጀመሪያው የክኒኑ ነበር፤ እሱን ያደረግነው በዚያው እሑድ ነው። ጋሼ የባዶ ክኒን ማሸጊያውን ፎቶ አንስተው ላኩ። ሰመራ ደርሶ ለነበረ ሌላ ሹፌራችን አስተላለፍኩለት፤ ከፋርማሲ ገዝቶ ይዞላቸው ወረደ። ማክሰኞ ደረሰላቸው። በመካከሉ አንድ ቀን ዞሮባቸው ከመኪናው መወጣጫ ላይ ወድቀው ነበር፤ ይህን የነገሩኝ ከወራት በኋላ ነው።

አበሉን በተመለከተ ባለመኪናዋን ለመንኳቸው። ደብተሩን ያኔ ገና አላየሁም ነበር፤ በቃል ብቻ ነው ያስረዳሁት። ግማሹን ጨመሩ። ገንዘቡ በምን መንገድ ፍራንክ ሆኖ ፒኬ 12 እንደደረሰ መስመሩን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

ሥርዓት ወደማበጀቱ የገባነው ከስታሊያው ውድቀት በኋላ ነው። በ2016 መጀመሪያ ላይ አራት ነገር ቀየርን።

አንደኛ፣ የመድረሻ ወረቀት። ማንኛውም መኪናችን ፒኬ 12 በደረሰ ዕለት ሹፌሩ የጭነቱን ትራንዚተር ወኪል ያገኛል። ወኪሉ በሁለት ኮፒ ወረቀት ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ታርጋና ፊርማ ያኖራል፤ ማኅተም ይመታል። አንዱን ሹፌሩ ይይዛል። ፎቶውን በዚያው ሰዓት በቴሌግራም ለስምሪት ይልካል። ወረቀቱ የእጅ መዳፍ አያክልም፤ አዳማ ያሳተምነው ነው።

ሁለተኛ፣ ውሉ። «ወደ መጫኛ ቦታ» የሚለውን አወጣን። በምትኩ «በመድረሻ ወረቀቱ ላይ ከሰፈረው ቀንና ሰዓት ጀምሮ» አልን።

ሦስተኛ፣ አበሉን ለሁለት ከፈልነው። የጉዞ አበል እንደ ድሮው ነው። ከአምስተኛው የጥበቃ ቀን ጀምሮ ግን የቀን አበል ይታሰባል፤ ስታሊያ ተከፈለም አልተከፈለም።

አራተኛ፣ ዲሊቨሪ ኦርደሩ መለቀቁን በዓይናችን ሳናይ መኪና አናንቀሳቅስም። «መርከቧ ገብታለች» መልስ አይደለም።

የሠራው

ከሁሉ የሠራው ወረቀቱ ነው። እንዲህ ርካሽ ነገር ይህን ያህል ይሠራል ብዬ አልጠበቅኩም። ወኪሎቹ መጀመሪያ ላይ መፈረም ፈርተው ነበር፤ «አሠሪዬ ይቆጣኛል» አሉ። ውሉ ላይ ከገባ በኋላ ግን ፈራሚ ሆኑ፤ አለመፈረምም ውል ማፍረስ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ አስመጪ ለሁለት መኪናዎች ስታሊያ አስከፈልነው። ሳይከራከር ከፈለ። ያቺው የፋይናንስ ሠራተኛ «ወረቀቱን ብቻ ላኩልኝ» ነው ያለችው።

ያልጠበቅነው ደግሞ ይህ ነው፦ ስታሊያ መክፈል የጀመረ አስመጪ ወረቀቱን ቶሎ ይጨርሳል። ደብዳቤ ብንጽፍ፣ ብንለምን፣ ስብሰባ ብንጠራ ያላመጣነውን ፍጥነት በቀን የሚቆጠር ክፍያ አመጣው።

ከባለመኪኖች ጋር ያለው ነገርም ለዘበ። እትዬ አሁን መኪናቸው የት እንዳለ ሲጠይቁ ፎቶውን አሳያቸዋለሁ። ቀኑን ያያሉ፣ ማኅተሙን ያያሉ። ጫት ቤት የሚለው ወሬ ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን እንዲያውም «በዚያ ሙቀት እንዴት ነው የሚተኛው?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ከተሳቢው ሥር የሚወጠር የሸራ አልጋ አሠርተው ሰጧቸው።

ያልሠራው

መኪናዎችን አዳማ አቁመን መርከቧ ስትቆም ብቻ ለመላክ ሞክረን ነበር። በወረቀት ላይ የሚያምር ሐሳብ ነው። ሹፌሩ ቤቱ ያድራል፣ ውሃ አይገዛም፣ ጎማ አይደርቅም። ግን ጅቡቲ ላይ ተራ የሚያዘው በመድረስ ነው። እኛ እቤት ስንጠብቅ ሌሎች ወርደው ተራችንን ያዙ። ሦስት መኪና ከሌላው ሁሉ ኋላ ቀረብን። ሹፌሮቹ ራሳቸው አመፁ፤ «ቤቴ ቁጭ ብዬ የልጅ ፊት ከማይ እዚያው ልቃጠል» አለኝ አንዱ። ያለ ጉዞ አበል የለምና እውነቱን ነው። በሁለት ወር ተውነው።

ጂፒኤሱም እንዳሰብነው አልሆነም። መኪናው የት እንደቆመ ያሳያል፤ ለምን እንደቆመ አያሳይም። አስመጪዎች «መኪናችሁ ፒኬ 12 መቆሙን አምነናል፤ በኛ ምክንያት መሆኑን አሳዩን» አሉ። ሹፌሮች ደግሞ እንደ ሰላይ አዩት። አንዱ ሽቦውን ነቅሎ «አይጥ በልቶት ነው» አለ። ዛሬም መሣሪያው አለ፤ ለስርቆት ይጠቅማል፤ ለስታሊያ ግን ያቺ ትንሽ ወረቀት ትበልጠዋለች።

የቀን አበሉ ግማሽ በግማሽ ነው የሠራው። ሁለት ሦስት መኪና ያላቸው ባለንብረቶች ይከፍላሉ። አንዲት መኪና ብቻ ያላቸው ብዙዎቹ ስታሊያው ሳይገባ ከኪሳቸው ማውጣት አቅቷቸዋል። ማኅበሩ ከአባላት መዋጮ የሚያበድር አነስተኛ ሣጥን እንዲያቋቁም ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ በጉባኤ ወደቀ። እኔ ሣጥኑ ያስፈልጋል ባይ ነኝ፤ የተቃወሙትም ግን ምክንያት አላቸው። ከዚህ በፊት የተቋቋመ ሣጥን የት እንደገባ አይታወቅም።

ረዳቱን መመለስ ደግሞ ጭራሽ አልተሞከረም። ሁሉም ያስፈልጋል ይላል፤ የሚከፍል የለም።

ሌላ ማኅበር ቢጀምረው

ከሁሉ በፊት የራስን ውል አውጥቶ «መቁጠር የሚጀምረው የት ነው?» የሚለውን መፈለግ ይበጃል። በር ነው ከተባለ፣ ከበሩ ውጭ ያለው ሁሉ ለሹፌሩ የተተወ ነው። ይህ የጅቡቲ ብቻ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ሲያትል ወደብ ላይ ኮንቴይነር ይጎትታል። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ እዚያ የኮንቴይነር ሹፌሮች ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎቹ እንደሱ ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ነበሩ። የሚከፈላቸው በጭነት ነው፤ በሰልፍ የሚቆሙበት ሰዓት አይቆጠርም ነበር። ስለ ጋሼ ስነግረው «ሙቀቱ ይለያል እንጂ ወረፋው አንድ ነው» አለኝ።

ከውሉ ቀጥሎ፣ ማስረጃው በሹፌሩ እጅ ብቻ ከተጻፈ እውነት ቢሆንም አይከፈልበትም። የሌላኛው ወገን ፊርማ ያስፈልጋል፤ ፊርማው ደግሞ በደረሰበት ዕለት መሆን አለበት። በሦስተኛው ቀን ጠይቆ ያስፈረመ ሹፌራችን ከዚያ በፊት ያሉትን ቀናት ከስሯል።

ስምሪት ላይ ለሚሠሩ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልጨምር። ሰሌዳችሁ ላይ ያሉትን ቃላት ፈትሹ። እኛ አሁን «በመጫን ላይ» የምንለው በር ለገባ መኪና ብቻ ነው። ከዚያ በፊት «ፒኬ 12፣ 4ኛ ቀን» ብለን ቁጥሩን በየጠዋቱ እናድሳለን። ቁጥሩ ሰባት ሲሞላ በቀይ ይጻፋል፤ ለሹፌሩም እንደውላለን። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ውሃ፣ መድኃኒት፣ እንቅልፍ። ጥሪው ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ከመነሳታቸው በፊትም ክኒን የሚወስዱ ሹፌሮች የሃያ ቀን መያዛቸውን እናያለን፤ የስምንት ቀን ጉዞ ነው ብለን አንሸነገልም።

ጋሼ አሁንም መስመሩ ላይ ናቸው። ደብተሩን አልተዉትም፤ በእስክሪብቶ ነው የሚጽፉት።

የቀረን ጋላፊ ነው። ኬላው ላይ የሚያልፈው ጊዜ እስካሁን በየትኛውም ውላችን ውስጥ የለም፤ ወረቀት የሚፈርምልንም አላገኘንም። ባለፈው ወር አንድ ሹፌራችን ከነጭነቱ ሁለት ሌሊት አድሮበታል። ሰሌዳው ላይ «በጉዞ ላይ» ነው የሚለው።